ምነው ጠፋህ?

ሰሞኑን አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬን የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘሁት። «አንተ ልጅ፣ ምነው ጠፋህ?» አለኝ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨን። የተለመደ ሰላምታ ነው። መልሱም የተለመደ ነው። «አለሁ ባክህ፣ ኑሮ ነው» ይባልና ይታለፋል። እኔ ግን ይቺን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር አንዲት የፀሐይ ጃንጥላ የያዘች ሴት ትመጣብኛለች። በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ደጃፌ ቆማ ይህንኑ ጠይቃኛለች። የሷ ሰላምታ አልነበረም። ወረቀት ላይ «ጠፋ» ወደ መባል እያመራሁ ነበር፤ ሳልጠፋ ልታገኘኝ ነው የመጣችው።

ስለዚያ ጊዜ ለብዙ ሰው አላወራሁም። ቲቢ ይዞኝ እንደነበር የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሽታው ድኗል፤ እሱ አያስጨንቀኝም። የሚከነክነኝ ሲስተር መዝገቧ ላይ በኔ ቃል የጻፈቻት አንዲት ዜሮ ናት።

ብርድ ነው

ያኔ ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። የእንጦጦ ብርድ ከላይ ወርዶ ቀጥታ ክፍሌ የሚገባ ይመስለኛል። ስለዚህ ከጳጉሜ ጀምሮ ማሳል ስጀምር ማንም አልገረመውም። «ብርድ ነው» አሉ። አከራዬ እማማ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። የመሥሪያ ቤት ልጆች ዝንጅብልና ማር አዘዙ። እኔም ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ዋጥኩ። ሁላችንም ሐኪም ነን።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ደም ተወሰደ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው ካለ ብተዋወቀው ደስ ይለኛል። አምስት ቀን መርፌ ተወጋሁ። ትኩሳቱ በረድ አለ፣ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። ሌሊት ሌሊት አንሶላው እስኪጨመቅ ድረስ ያልበኝ ጀመር። ቀበቶዬን በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት፤ በወሩ ሌላ ጨመርኩ።

መጨረሻ ላይ ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ የሄድኩት ብልህ ስለሆንኩ ሳይሆን ብር ስላለቀብኝ ነው። ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሁላችንም ሺህ ጊዜ ያየነው ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስልዎት ከሆነ ይመርመሩ ይላል። ሥሩ ቁጭ ብዬ አሳልኩ። አንዲት ነርስ ከሩቅ ሰምታ መጣች። «ስንት ጊዜ ሆነህ?» «አምስት ሳምንት።» አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሰጠችኝና ከሰልፉ አውጥታ ቀድሜ እንድገባ አደረገችኝ። በሕይወቴ ሰልፍ ሳልጠብቅ የተስተናገድኩበት ብቸኛው የመንግሥት ቤት ያ ነው። በኋላ ሲገባኝ ለኔ ክብር ብላ አልነበረም። እዚያ የተኮለኮሉትን እናቶችና ሕፃናት ከኔ ማራቋ ነበር።

ክዳን ያላት ትንሽ ኩባያ ተሰጠኝ። «ምራቅ እንዳታመጣልኝ፣ አክታ ነው የምፈልገው» አለኝ የላቦራቶሪው ልጅ። ከሕንፃው ጀርባ፣ ነፋስ ላይ ቆሜ ከሆዴ አሳልኩ። ሰው እያየህ አክታ ማውጣት እንደ ፈተና ነው። የኔ ናሙና ወደ ጂን ኤክስፐርት ማሽን ሄደ። ይህ ማሽን ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ነው። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ባክቴሪያው መኖሩንም፣ ዋናውን መድኃኒት ሪፋምፒሲንን መላመዱንም ይናገራል። ማሽኑ ከሌለበት ጤና ጣቢያ ናሙናውን ወዳለበት የሚያደርሰው በብዙ ቦታ ፖስታ ቤት እንደሆነ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በጠፋበት ዘመን ፖስተኞቻችን አክታ ያመላልሳሉ። ይሄን ሳስብ እስካሁን ፈገግ እላለሁ።

ሞኝና ወረቀት

የቲቢ ክፍሉ ግቢው ጥግ ላይ ለብቻው ነው ያለው። ሁለቱም መስኮቶች ቧ ብለው ተከፍተዋል። ሲስተር ጃኬት ደርባ፣ በላዩ ነጭ ጋዎን ለብሳ ተቀምጣለች። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት «ዝጋው፣ ብርድ ሊያስመታን ነው?» ብሎ የሚጮኸው ሕዝብ እዚህ ክፍል ሲገባ ምን ይል ይሆን እያልኩ ቁጭ አልኩ።

ትልቅ መዝገብ ገለጠች። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ተጠሪ። ሚዛን ላይ አወጣችኝ፣ 52 ኪሎ። መድኃኒቱ የሚለካው በክብደት ስለሆነ ሦስት ክኒን ደረሰኝ፤ በየቀኑ፣ በአንድ ላይ፣ በባዶ ሆድ። አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ክኒን ተጋግሮ ነው፤ ለሁለት ወር። ከዚያ ሁለት ዓይነት ብቻ፣ ለአራት ወር። ሁሉም በነፃ። «ሽንትህ ብርቱካን ጭማቂ ይመስላል፣ እንዳትደነግጥ» አለችኝ። በዚያው ቀን ኤችአይቪም ተመረመርኩ፤ ነፃ ነኝ ተባልኩ። ከዚያ አንድ ካርቶን አወጣችና በማርከር ስሜን ጻፈችበት። የስድስት ወር መድኃኒቴ ነው። መደርደሪያው ላይ ከሌሎች ስሞች መካከል አስቀመጠችው።

ቀጥላ ጠየቀችኝ። «አብሮህ የሚኖር ሰው አለ? ሕፃን ልጅ በተለይ?»

«የለም። ብቻዬን ነኝ።»

ዜሮ ጻፈች።

በወረቀት ውሸት አይደለም። ክፍሉን የተከራየሁት ብቻዬን ነው። ግን እማማ የልጅ ልጅ አላቸው። ሁላችንም ማሙሽ ነበር የምንለው። እናቱ ቤይሩት ናት። ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ከሥራ ስገባ ጠብቆ ይከተለኛል፣ አልጋዬ ላይ ይወጣል፣ ጋቢዬ ውስጥ ይገባል፣ በላፕቶፔ ካርቱን ያያል። በር ተዘግቶ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ብርድ ነዋ። አንዳንዴ እዚያው ይተኛና እማማ መጥተው ተሸክመውት ይሄዳሉ። ያን ሁሉ በአንዲት ሰከንድ አሰብኩት። «አለ» ብል ሰው ይልካሉ፣ እማማ ይሰማሉ፣ ቤቱን እለቃለሁ ብዬ ፈራሁ። ቲቢ ያለበት ሁሉ ኤችአይቪ አለበት የሚባልበት ሰፈር ነው። የሰዉ አፍ ከሳሉ በላይ አስፈራኝ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ሞኙ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ የሲስተር መዝገብ ነው። ዜሮዋን ይዟት ቀረ።

ከሥራ በፊት በየጠዋቱ እየሄድኩ ሲስተር ፊት እውጣለሁ። ስሜ አጠገብ ምልክት ታደርጋለች። መድኃኒት የምንውጠው ሰዎች መተዋወቅ ጀመርን፣ ስም ሳንጠራራ። አንድ ሸማኔ ነበር፣ ጣቶቹ የማያርፉ፣ ሲቀመጥም የሚሸምን የሚመስል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንገቷ ላይ ያበጠ ዕጢ ነበራት። እሷ አንዴም አስላ አታውቅም። ቲቢ ሳንባ ብቻ እንዳልሆነ ያየሁት በሷ ነው። ሸማኔው አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፤ «መድኃኒቱ ነፃ ነው፣ ጠዋቱ ግን ነፃ አይደለም።» እሱ በቀን በሠራው ነው የሚበላው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ማጣት ማለት ለሱ ክንድ ሙሉ ጥበብ ነው።

እኔ እንኳን ያን ያህል ሰበብ አልነበረኝም። በሰባተኛው ሳምንት ሳሉ ጠፋ። ቀበቶዬ ወደ ድሮ ቀዳዳው ተመለሰ። ማቅለሽለሹ ሰለቸኝ። አንድ ጠዋት ደግሞ ከጎረቤት ግቢ የምታውቀኝ ሴትዮ ልጇን ልታስከትብ መጥታ ከዚያ ክፍል ስወጣ አየችኝ። «ደህና ነህ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ብዙ ነገር ሰማሁ፤ ምናልባት ምንም አልነበረበትም። በማግስቱ ቀረሁ። ከዚያ በማግስቱም። ድኛለሁ አልኩ ለራሴ።

ሽንት ቤታችሁን ላየው

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እማማ ቡና ይቆላሉ። በሩ ሲንኳኳ ሁላችንም ቆም አልን። ያ ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ሁለት ወር ያለፈው ነው፤ ስምህን ይዞ የሚመጣ የማታውቀው ሰው ደስ አይልም። እማማ ከፈቱ። አንዲት ወጣት ሴት ቦርሳ በትከሻዋ፣ ጃንጥላ በእጇ፣ ደብተር በብብቷ ይዛ ገባች።

«የጤና ኤክስቴንሽን ነኝ እማማ። እንደምን አደሩ። ሽንት ቤታችሁን ላየው ነበር።»

ሽንት ቤት ማየት በርግጥ ሥራቸው ነው። እማማ «ይቆለፋል፣ ቁልፉን ላምጣ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ሴትዮዋ በቀጥታ ወደኔ በር መጣች። እንዴት እንዳወቀችኝ አላውቅም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምነው ጠፋህ?» አለች።

ደብተሯ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ነበር። ስሜ፣ የቤት ቁጥሩ፣ በቀይ እስክሪብቶ ደግሞ 11። የቀረሁባቸው ቀናት ናቸው። እኔ እንኳን አልቆጠርኳቸውም ነበር።

«ሥራ በዝቶብኝ… ወደ ክፍለ ሀገር…» ብዬ ጀመርኩ። እየሰማችኝ አልነበረም። በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ክፍሉ እያየች ነበር። ማሙሽ አልጋዬ ላይ ነው፣ ጋቢዬን ተከናንቦ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ።

«ይሄ ልጅ የማነው?»

«የአከራዬ የልጅ ልጅ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ማሙሽ ራሱ አራት ጣቱን አወጣ። ዓይኑን ከካርቱኑ ሳያነሳ።

ወረቀቱን አየች፣ ልጁን አየች፣ እኔን አየች። «እዚህ ላይ ዜሮ ነው የሚለው» አለች። ቁጣ የለበትም። የማይገጥም ሒሳብ እንዳየ ሰው ነው ያለችው። እኔ ግን እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ተሳድባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አለኝ።

እማማ ቁልፉን ይዘው መጡ። እሷም ሄዳ ሽንት ቤቱን የምር አየችው። ክዳኑን አመሰገነች፣ የእጅ መታጠቢያው ጄሪካን ጋ ሳሙና እንዲቀመጥ አዘዘች። እማማ «ቡና ጠጪ እንጂ ልጄ» ሲሏት «ብዙ ቤት አለብኝ እማማ» አለች። ስትወጣ በኔ በኩል አለፈች።

«ሰኞ ጠዋት ሲስተር ትጠብቅሃለች። ለእማማ አንተ ንገራቸው። እኔ ያንተን ሕመም ማውራት አልችልም። ልጁ ግን መታየት አለበት፤ እስከ ረቡዕ ካልመጣችሁ ተመልሼ እመጣለሁ።» ፈገግ ብላ ጨመረች፤ «ሽንት ቤቱን ላየው።»

ይቺን ደቂቃ ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት። ከወረዳ መጡ ሲባል የምናውቀው መዋጮ ነው፣ ስብሰባ ነው፣ ምዝገባ ነው። ቤት ለቤት የተዘረጋው መዋቅር ማን ምን እንደሚያወራ ለመስማትም እንደሚያገለግል ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ስለ አንድ ለአምስት የሚቀለደው ቀልድ ዝም ብሎ አልመጣም። ያቺ ሴት የመጣችው በዚያው መረብ ላይ ተራምዳ ነው፣ የቤት ቁጥሬን የያዘው ያው መዝገብ ነው። እና እንደዚያም ሆኖ መንግሥት የሚባለው ነገር ስሜን ጽፎ፣ ቀኔን ቆጥሮ፣ ለራሴ ብሎ በሬን ሲያንኳኳ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለቱን ሐሳብ እስካሁን ማስታረቅ አልቻልኩም። ምስጢሬን ለመጠበቅ የሰው ሽንት ቤት ያየች ሴት ግን አልረሳም።

ሰኞ ስሄድ ሲስተር አልተቆጣችም። ካርቶኔን ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይሄ ያንተ ነው። ለማንም አልሰጠውም» አለች። ከዚያ መዝገቡን አዞረችልኝ። መጨረሻ ላይ የውጤት ዓምድ አለ። ተፈወሰ፣ ጨረሰ፣ ሞተ… አንዱ «የጠፋ» ነው። «ሁለት ወር ካቋረጥክ እዚህ ላይ ነው የምሞላህ። አሁን እንኳን ሁለት ሳምንት ሊሞላህ ትንሽ ነው የቀረህ፤ ቢሞላህ ከአንድ ነበር የምንጀምረው።» ሌላውን አላብራራችም፤ በመስኮቱ ወደ ላይ፣ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አቅጣጫ ጠቆመችኝ። የሽሮ ሜዳ ሰው ያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ክኒኑን ሲያቋርጡት ቲቢው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና በአገራችን የተጀመረው እዚያ ሆስፒታል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2009። ያኔ ከ20 ወር ያላነሰ ሕክምና ነበር፣ ለወራት በየቀኑ መርፌ ያለበት፤ መርፌው ጆሮ ይደፍን ነበር። አሁን በስድስት ወር ክኒን የሚያልቅ ሕክምና መጥቷል። እኔ በዚያ ዘመን ለሰዉ አፍ ብዬ ወደዚያ እያመራሁ ነበር።

ዜሮ

ከዳንኩ በኋላ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። የኔ ዓይነቱ ሰው እንዲህ ነው፣ ከፈተናው በኋላ ያጠናል።

በየቀኑ እያዩ የማስዋጥ አሠራር፣ ዶትስ የሚባለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ነው በሙከራ የተጀመረው። የጤና ኤክስቴንሽን ደግሞ በ1995 ዓ.ም. መጣ። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፤ ብዛታቸው ከ30 ሺህ አለፈ። ከተማ ያሉት ቆይተው የተጨመሩ ናቸው፣ ነርሶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ሺህ ሰው በዓመት ከ400 በላዩ በቲቢ ይያዝ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ከ150 በታች ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ወጣች። ከዋናው የቲቢ ዝርዝር ግን ገና አልወጣችም።

እኔን ያስደነገጠኝ የሲዳማው ነው። በ2003 ዓ.ም. እዚያ አንድ ሥራ ተጀመረ። የጤና ኤክስቴንሽኖቹ የሚያስለውን ሰው ጤና ጣቢያ እስኪመጣ መጠበቅ ተዉ። መንደር ድረስ ሄደው አክታ ሰበሰቡ፣ ለምርመራ በስስ መስታወት ላይ ቀብተው አዘጋጁ፣ ሞተር ብስክሌት ያላቸው ተቆጣጣሪዎች ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱት። የሚገኘው ሕመምተኛ ቁጥር እጥፍ ሆነ። ሕክምናውን በደህና የሚጨርሰው ከ77 በመቶ ወደ 93 ወጣ። የሚያቋርጠው ከ11 በመቶ ወደ 3 ወረደ። ክኒኑ ያው የድሮው ክኒን ነው። የተጨመረው የሰው እግር ነው።

ያቺን 11 በመቶ ሳነብ ቁራጩ ወረቀት ላይ የነበረው ቀይ 11 ታወሰኝ። አጋጣሚ ነው፣ ግን ታወሰኝ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ። እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ከታች ከየመዝገቡ ነው የሚለቀሙት። ሲስተር ወደ ወረዳ ትልካለች፣ ወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ እያለ ሚኒስቴር ይደርሳል። በዚያ ሩብ ዓመት ሪፖርት ውስጥ የኔ ዜሮ ነበረች። «አብሮት የሚኖር ሕፃን የለም።» ያቺ ሴት በር ላይ ባትቆም ኖሮ እውነት ሆና ትቀር ነበር። ስንቱ መዝገብ ውስጥ እንደኔ ያለ ሰው ያስጻፋት ዜሮ አለች? መሣሪያ ይገዛል፣ መድኃኒት በእርዳታም በበጀትም ይመጣል። «ብቻዬን ነኝ» ለሚል ሰው ማሽን የለውም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ተረቱ የሚያስጠነቅቀው ደባቂውን ነው። እኔ ግን ደብቄም መድኃኒት ነበረኝ፣ ስሜ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ። መድኃኒት ያልነበረው ማሙሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ድንገት ስታቋርጥ ዜናውን ያነበብኩት በዚህ ዓይን ነው። የአገራችን የቲቢ ሥራ ለዓመታት ከዚያ ገንዘብ ብዙ ተደግፏል። ሰው ሁሉ ስለ መድኃኒት እጥረት ያወራ ነበር፤ እኔ ያሰብኩት ቁራጭ ወረቀት ይዞ በር ስለሚያንኳኳው ሰው ነው። በጀት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቀረው የሰው እግር ይመስለኛል። ክኒን ሲጠፋ ይጮኻል፤ አንዲት ሴት አንድ ቤት ሳታንኳኳ ብትቀር ማን ያያል?

ሁለታችሁም ኑ

ለእማማ የነገርኳቸው ማክሰኞ ማታ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለማመደው የዋልኩት ንግግር ነበረኝ። የወጣው ግን «እማማ፣ ቲቢ ነበረብኝ» ብቻ ነው።

መጀመሪያ «ያ ነገርስ?» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። «የለም፣ ተመርምሬያለሁ።» ቀጥለው «ማሙሽስ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ተነሱ፣ የጠጣሁበትን ስኒ አነሱ፣ ገቡ። ሌሊቱን ዕቃዬን በሐሳቤ ሸክፌ አደርኩ።

ጠዋት ስወጣ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ማሙሽ ታጥቧል፣ ፀጉሩ ቅባት ተቀብቷል፣ የበዓል ሹራቡን ለብሷል። «ምን ቆመሃል?» አሉኝ። «መንገዱን አሳየን እንጂ።»

ማሙሽ ተመዘነ፣ ተጠየቀ፣ ደረቱ ተደመጠ። ሳል የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ክብደቱ ደህና ነው። ከአምስት ዓመት በታች ስለሆነ ግን መከላከያ ተጀመረለት፤ አይሶኒያዚድ፣ ለስድስት ወር፣ በየቀኑ። ሲስተር መዝገቡን አውጥታ ዜሮዋን ሰርዛ 1 ጻፈች። ሲስተርም እኔም ምንም አላልንም።

የመጀመሪያውን ሁለት ወር ስጨርስ አክታዬ ንጹሕ ሆነ። ሲስተር እማማን «ካሁን በኋላ እርስዎ ያስውጡት፣ በሳምንት አንዴ መጥቶ ይውሰድ» አለቻቸው። ሌላ ሹመት ቢሰጣቸው እንደዚያ አይኮሩም። በየማለዳው ከበረንዳው ድምፃቸው ይሰማል፤ «ሁለታችሁም ኑ!» የማሙሽን ክኒን በማንኪያ ላይ አድቅቀው በውኃ ይበጠብጡለታል። የኔን በእጄ ይሰጡኛል። «ዋጥ። አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ።» ሲስተር እንኳን ምላስ አታስነሳም ነበር። «ማቋረጥ የለም!» ይላሉ በመጨረሻ፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ፣ ለሁለታችንም እኩል።

ጻድቅ አላድርጋቸው። ስኒዬ ለብቻዋ ተቀምጣ ብዙ ጊዜ ቆየች። ሲስተር በስኒ አይተላለፍም፣ በአየር ነው ብላ ነግራቸዋለች። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ስኒዋ ግን ያው ለብቻዋ። በሌላ በኩል በየጠዋቱ በመጥረጊያ እንጨት መስኮቴን ከውጭ ይገፉታል። «ብርድ ነው» ሲሉኝ የነበሩት ሴትዮ አሁን «ነፋስ ይግባ!» እያሉ ያስነሱኛል። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ እነሳለሁ።

እኔ የጨረስኩት ማሙሽ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነው። የመጨረሻው ምርመራ ንጹሕ ሆነ። ሲስተር የውጤት ዓምዱ ላይ ጻፈች፣ ባዶ ካርቶኑን ከመደርደሪያው አወረደች። «ልውሰደው?» አልኳት። «ምን ያደርግልሃል?» አለች። መልስ አጥቼ ተውኩት።

በማግስቱ ማለዳ እማማ እንደ ልማዳቸው ተጣሩ። ማሙሽ ማንኪያውን ላሰ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ተራዬን ጠበቀ። እኔ ሻይዬን ይዤ ቆሜያለሁ። እጆቼን አየ፣ አፌን አየ። ዓይኑ ፈጠጠ። ማንኪያውን ጥሎ ወደ ማድ ቤት ሮጠ።

«እማማ! እማማ! አቋርጧል!»